የበረራ ስምሪት ሠራተኛ በአውሮፓ



ዛሬ የምንነጋገረው ብዙ ሰው ስለማያውቀው አንድ ሥራ ነው። የአውሮፕላን አብራሪን ሁሉም ያውቃል። አስተናጋጇንም ሁሉም ያውቃል። መካኒኩም ቢሆን በቱታው ይለያል። ነገር ግን አውሮፕላኑ ገና መሬት ላይ ሳለ መንገዱን የሚቀይስ፣ ነዳጁን የሚያሰላ፣ የአየሩን ጠባይ የሚመረምር፣ ከተነሣም በኋላ እስኪያርፍ ድረስ የሚከታተለው ሌላ ሰው አለ። ተሳፋሪው ይህን ሰው አያየውም። የሚሠራበት ክፍል ከማኮብኮቢያው የራቀ፣ መስኮቱ አውሮፕላን እንኳ የማያሳይ ሊሆን ይችላል። በእንግሊዝኛ ፍላይት ዲስፓቸር ይሉታል። እኛ በዚህ ንግግር የበረራ ስምሪት ሠራተኛ እንለዋለን።

ስምሪት የሚለውን ቃል የወሰድነው ከመናኸሪያ ነው። አውቶቡስ ተሳፋሪ ስለሞላ ብቻ ከመናኸሪያ አይወጣም። የስምሪት ሠራተኛው የትኛው መኪና፣ በየትኛው መስመር፣ በስንት ሰዓት እንደሚወጣ ይወስናል። መንገድ በጎርፍ ከተቆረጠ ሾፌሩን «በዚህ አትሂድ፣ በዚያ ዙር» ይለዋል። የአውሮፕላኑም ነገር ከዚህ ብዙ አይርቅም። ልዩነቱ አውሮፕላን መንገድ ዳር ቆሞ ነዳጅ መለመን የማይችል መሆኑ ነው።

ታዲያ ስለዚህ ሥራ ማውራት ለምን አስፈለገ? አንድ ጥያቄ ደጋግሞ ስለሚቀርብልን ነው። «የዲስፓቸር ትምህርት ብማር አውሮፓ ሥራ አገኛለሁ ወይ?» ይሉናል። ከጠያቂዎቹ አንዳንዶቹ አገር ቤት ያሉ ወጣቶች ናቸው። አንዳንዶቹ በዐረብ አገሮች አየር ማረፊያዎች የሚሠሩ ናቸው። ሌሎቹ ደግሞ በጀርመን፣ በስዊድን፣ በጣሊያን ኑሯቸውን የመሠረቱ ወገኖቻችንና ልጆቻቸው ናቸው። ለሦስቱም መልሱ አንድ አይደለም። ገንዘብ ከከፈሉ በኋላ ከሚሰሙት ግን ሳይከፍሉ ቢሰሙት የሚሻል ነገር አለ።

እስቲ በመጀመሪያ ሥራውን እንየው።

የስምሪት ሠራተኛው ተራው ደርሶ ሲገባ ከእሱ በፊት የነበረው ባልደረባው ያስረክበዋል። «ይህኛው አውሮፕላን ዘግይቷል፤ ይህኛው የተበላሸ ዕቃ አለው፤ በዚህ ከተማ ጭጋግ ይጠበቃል» ይለዋል። ከዚያ ሁለት ሦስት ኮምፒዩተር ፊቱ ደርድሮ ይጀምራል። ሜታር የሚባለው ወረቀት አሁን በአየር ማረፊያው ላይ ያለውን አየር ይነግረዋል። ታፍ የሚባለው ደግሞ በሚቀጥሉት ሰዓታት የሚመጣውን ይተነብያል። ኖታም የሚባል ማስታወቂያም አለ። የትኛው ማኮብኮቢያ እንደተዘጋ፣ የትኛው መብራት እንደማይሠራ፣ የትኛው የሰማይ ክፍል ለወታደር ልምምድ እንደተከለለ የሚታወቀው ከኖታም ነው። ሁሉም የተጻፉት ባጠረ ፊደልና በቁጥር ነው። ያልተማረው ሰው ቢያያቸው የክታብ ጽሑፍ ይመስሉታል። የተማረው ግን እንደ ጋዜጣ ያነባቸዋል።

ከዚህ በኋላ የነዳጁ ሂሳብ ይመጣል። ይህ የሥራው እምብርት ስለሆነ ትንሽ እንቆይበት።

መካከለኛ የጄት አውሮፕላን ሦስት ሰዓት ከሩብ ያህል ሊበር ነው እንበል። ለጉዞው ብቻ 8,000 ኪሎ ነዳጅ ይፈልጋል። ነገር ግን ነፋሱ ከተተነበየው በላይ ሊበረታ ይችላል። ስለዚህ በመደበኛው አሠራር የጉዞውን ነዳጅ ከመቶ አምስት፣ ማለትም 400 ኪሎ ይጨመርበታል። የሚሄድበት ከተማ በጭጋግ ቢዘጋስ? ወደ ሌላ አየር ማረፊያ መድረሻ 1,500 ኪሎ ይያዝለታል። እዚያም ደርሶ ወዲያው ማረፍ ባይችልስ? ሕጉ ለጄት አውሮፕላን በአየር ማረፊያው አናት ላይ 30 ደቂቃ የሚያንዣብብበት ነዳጅ እንዲቀር ያዛል፤ ይህን 1,200 ኪሎ እንበለው። መሬት ላይ ከመቆሚያው እስከ ማኮብኮቢያው ሲንቀሳቀስ የሚያቃጥለው 200 ኪሎ ነው። ስንደምረው 11,300 ኪሎ ይሆናል።

«ታዲያ ለምን 15,000 ኪሎ ሞልቶ አያርፈውም?» የሚል አይጠፋም። ነገሩ እንዲህ ነው። ነዳጅ ራሱ ጭነት ነው። ውኃ ለመቅዳት ሩቅ የሄደች ሴት እንስራዋ በከበደ ቁጥር ይበልጥ እንደሚደክማት ሁሉ፣ አውሮፕላኑም ትርፍ ነዳጁን ለመሸከም ሌላ ነዳጅ ያቃጥላል። አንዳንዴም ለነዳጁ ሲባል ሰው ወይም ዕቃ መቀነስ ግድ ይሆናል። ስለዚህ ማሳነሱ አደጋ ነው፤ ማብዛቱም ኪሳራ ነው። የስምሪት ሠራተኛው ሚዛኑን ይፈልጋል። አብራሪው ሂሳቡን አይቶ ካልተስማማ መጨመር ይችላል። የመጨረሻው ቃል የእሱ ነውና።

ለዚህ ነገር ከእኛው አገር የተሻለ ምሳሌ አናገኝም። የቦሌ አየር ማረፊያ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍ ያለ ቦታ ላይ ነው። ከፍ ባለ ቦታ አየሩ ስስ ነው። አየሩ ስስ ሲሆን የክንፉ የማንሣት አቅም ይቀንሳል፤ የሞተሩም ጉልበት ይቀንሳል። ስለዚህ አውሮፕላኑ በቆላ ቦታ ሊያነሣ የሚችለውን ያህል ክብደት ከቦሌ ማንሣት አይችልም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን ሲሄድ ለብዙ ዓመታት በመንገዱ ላይ አርፎ ነዳጅ ሲሞላ፣ ከዋሽንግተን ሲመለስ ግን በቀጥታ አዲስ አበባ ሲገባ የቆየው ለዚህ ነው። ዋሽንግተን ዝቅተኛ ቦታ ስለሆነ ሙሉ ነዳጁን ይዞ ይነሣል። ተሳፋሪው «ስንሄድ ለምን አረፍን?» ብሎ ያጉረመርማል። መልሱ ያለው በስምሪት ክፍሉ ወረቀት ላይ ነው።

ስለ ሰዓትም አንድ ነገር ጣል እናድርግ። በዚህ ሥራ የሁሉም አገር ሰው የሚጠቀመው አንድ ሰዓት ነው፤ ዙሉ ይሉታል። በዙሉ 9 ሰዓት ሲል በአገራችን አቆጣጠር ቀን 6 ሰዓት ነው። በዙሉ 15 ሰዓት ሲል ለእኛ ምሽት 12 ሰዓት ነው። ሦስት መቀነስ ብቻ ነው። ፈረንጆቹ በጋና ክረምት ሰዓታቸውን ወደፊትና ወደኋላ እያደረጉ ሲደናገሩ፣ አዲስ አበባ ያደገ ሰው በዚህች በኩል ይቀልለዋል።

አሁን ወደ አውሮፓ እንሂድ። የአውሮፓ ሰማይ ጠባብና የተጨናነቀ ነው። አንድ አውሮፕላን በሁለት ሰዓት ውስጥ አራት አምስት አገር ሊያቋርጥ ይችላል። እያንዳንዱ አገር ለብቻው ቢጠየቅ ኖሮ በረራው አይነሣም ነበር። ስለዚህ ዩሮኮንትሮል የሚባል የአገሮች ማኅበር አለ። ዋና መሥሪያ ቤቱ በቤልጂግ ዋና ከተማ በብራስልስ ነው። የስምሪት ሠራተኛው የበረራ ዕቅዱን በዚህ ድርጅት ሥርዓት በኩል ይልካል፤ እንደ ደንቡም ከመነሻው ሰዓት ቢያንስ ሦስት ሰዓት አስቀድሞ ይልካል። በመንገዱ ላይ መጨናነቅ ካለ ከዚያ የመነሻ ተራ ይመጣለታል። ለምሳሌ ተራው በ10፡20 ነው ከተባለ አውሮፕላኑ መነሣት የሚችለው ከ10፡15 እስከ 10፡30 ባለው ጊዜ ውስጥ ብቻ ነው። አምስት ደቂቃ ቀደም፣ አሥር ደቂቃ ዘግየት። በዚህ መካከል አንድ ተሳፋሪ ሻንጣውን አስጭኖ ራሱ ቢጠፋ፣ ሻንጣው ተፈልጎ እስኪወርድ ተራው ያልፋል። ሌላ ተራ ይጠየቃል። ሌላው ተራ ከሁለት ሰዓት በኋላ ሊሆን ይችላል።

ሁለት ሰዓት መዘግየት ደግሞ ብቻውን አይመጣም። ያው አውሮፕላን በዚያው ቀን ሌላ ሦስት በረራ አለበት። የማታውን በረራ ወደ ፍራንክፈርት እንበል። በፍራንክፈርት እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ከምሽቱ 5 ሰዓት እስከ ንጋቱ 11 ሰዓት የታቀደ በረራ ክልክል ነው፤ የአካባቢው ነዋሪ እንቅልፍ እንዲያገኝ ማለት ነው። ጠዋት በጠፋው ሻንጣ ምክንያት ማታ አውሮፕላኑ ፍራንክፈርት መግባት ያቅተዋል። አብራሪዎቹም የሥራ ሰዓት ገደብ አለባቸው፤ ከዚያ በላይ መብረር አይፈቀድላቸውም። ይህን ሁሉ አስቀድሞ አይቶ «ይህኛውን በረራ ለሌላ አውሮፕላን እንስጠው» ብሎ የሚያስበው የቁጥጥር ክፍሉ ነው።

ዓለም ሲናወጥ ደግሞ ሥራው ይብሳል። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2010 በአይስላንድ አንድ እሳተ ገሞራ ፈንድቶ አመዱ የአውሮፓን ሰማይ ለቀናት አዘጋው። 100,000 ያህል በረራ ተሰረዘ። 10 ሚሊዮን ያህል መንገደኛ በያለበት ቀረ። እ.ኤ.አ. በ2022 ደግሞ የዩክሬን ጦርነት ሲጀመር ሩሲያና የአውሮፓ ኅብረት አገሮች ሰማያቸውን አንዱ ለሌላው ዘጉ። የፊንላንድ አየር መንገድ ከሄልሲንኪ ወደ ቶኪዮ የሚበረው በሩሲያ አናት ላይ ነበር፤ ከዘጠኝ እስከ አሥር ሰዓት ቢፈጅበት ነው። ሰማዩ ሲዘጋበት በሰሜን ዋልታ በኩል ዞሮ ወደ 13 ሰዓት ይፈጅበት ጀመር። በአንድ ሳምንት ውስጥ የለመዱትን ካርታ ጥሎ በዋልታ በኩል አዲስ መንገድ መቀየስ፣ በመንገዱ ላይ ሞተር ቢበላሽ የት እንደሚታረፍ መፈለግ፣ ይህ ሁሉ የወደቀው በስምሪትና በበረራ ዕቅድ ሠራተኞች ጫንቃ ላይ ነው።

ሥራው ይህ ነው። አሁን ወደ ጥያቄው እንመለስ፤ በአውሮፓ እንዴት ይገኛል?

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። በአሜሪካ የስምሪት ሠራተኛ ያለ መንግሥት ፈቃድ አይሠራም። ፈቃዱን ለማግኘት ቢያንስ 200 ሰዓት የሚወስድ ትምህርት አለ፤ የጽሑፍም የቃልና የተግባርም ፈተና አለ፤ ዕድሜም 23 መሙላት አለበት። በትልልቆቹ መደበኛ አየር መንገዶች ሕጉ የበረራውን ደኅንነት በአብራሪውና በስምሪት ሠራተኛው ላይ በእኩል ይጭናል። ሁለቱ ካልተስማሙ አውሮፕላኑ አይነሣም።

በአውሮፓ ግን አሠራሩ ሌላ ነው። የአውሮፓ ኅብረት የአቪዬሽን ደኅንነት መሥሪያ ቤት፣ በአጭሩ ኤያሳ የሚባለው፣ መቀመጫው በጀርመን አገር በኮሎኝ ከተማ ነው። ይህ መሥሪያ ቤት ለአብራሪ ፈቃድ የሚሆን ሕግ አለው፤ ለመካኒክም አለው። ለስምሪት ሠራተኛ ግን በመላው ኅብረት የሚሠራበት ፈቃድ የለውም። ኃላፊነቱ የአየር መንገዱ ነው። አየር መንገዱ የራሱን ሠራተኛ መርጦ፣ በራሱ መመሪያ አሠልጥኖ፣ ፈትኖ ያሠራል። መንግሥት የሚቆጣጠረው አየር መንገዱ ይህን በትክክል ማድረጉን ነው።

ይህ በአንድ በኩል መልካም ዜና ነው። ፈቃድ የሌለው ሰውም ሊቀጠርና በሥራው ላይ ሊሠለጥን ይችላል ማለት ነው። በሌላ በኩል ግን የአሜሪካን ፈቃድ ይዞ የመጣ ሰው «በሩ ተከፈተልኝ» ማለት አይችልም። ወረቀቱ ዕውቀቱን ያሳይለታል። አንዳንድ አየር መንገዶችም ያከብሩለታል። የሚያስገድዳቸው ሕግ ግን የለም።

አንድ የምናውቀው ልጅ ነበር። በዐረብ አገር በአየር ማረፊያ ሻንጣ ሲጭን ቆይቶ፣ ያጠራቀመውን ገንዘብ ይዞ ወደ አንድ የስምሪት ትምህርት ቤት ሄደ። ገንዘቡ አልበቃውም። እናቱ የእቁብ ተራቸውን አስቀድመው ጠይቀው ላኩለት። ልጁ ጎበዝ ነው። ፈተናውን በአንድ ጊዜ አለፈ፤ የአሜሪካንም ፈቃድ ያዘ። ትምህርት ቤቱ ሲመዘግበው «ይህ ፈቃድ በዓለም ሁሉ ይሠራል» ብሎት ነበር። ውሸት ነው ለማለት ይቸግራል፤ ዕውቀቱ በዓለም ሁሉ ይሠራል። ነገር ግን ከዐርባ በላይ ማመልከቻ ወደ አውሮፓ ሲልክ መልስ የሰጡት ስድስት ብቻ ናቸው። ስድስቱም የጠየቁት አንድ ጥያቄ ነው፤ «በአውሮፓ ኅብረት ውስጥ የመሥራት መብት አለህ ወይ?» የለኝም አለ። በዚያው ቀረ። እናቱ ስልክ ደውለው «ምን አሉህ ልጄ?» ሲሉት «እያዩት ነው እማዬ» ይላቸው ነበር። ለስምንት ወር እንዲሁ አላቸው።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት የሚጠየቀው የሥራ መብት ነው። የአንድ የኅብረቱ አገር ዜጋ የሆነ ሰው በኅብረቱ አገሮች ሁሉ ሊሠራ ይችላል፤ ሮም ያደገው ደብሊን፣ ስቶክሆልም ያደገችው ቡዳፔስት ልትቀጠር ትችላለች። ዜግነት ባይኖረውም በአንድ አገር ሕጋዊ መኖሪያና የሥራ ፈቃድ ያለው በዚያው አገር ይሠራል። ከውጭ የሚመጣውን ግን አየር መንገዱ ራሱ ዋስ ሆኖ ቪዛ ሊያወጣለት ይገባል። ለአንድ ጀማሪ የስምሪት ሠራተኛ ይህን የሚያደርግ ጥቂት ነው። እውነቱን መናገር ይሻላል። ከአገር ቤት ተነሥቶ፣ ልምድ ሳይኖረው፣ በወረቀት ብቻ አውሮፓ ይህን ሥራ አገኛለሁ ብሎ እቁብ ማስወጣት አይገባም። አስቀድሞ በአገሩ ወይም ባለበት አገር አየር መንገድ ውስጥ ብዙ ዓመት የሠራ ሰው ነገር ግን ሌላ ነው፤ ልምዱ ያስጠይቀዋል። ብሪታንያንም ለብቻ ማየት ያስፈልጋል። ከኅብረቱ የወጣችው እ.ኤ.አ. በጥር 2020 ነው። የጀርመን ወይም የጣሊያን ፓስፖርት ብቻውን ዛሬ እዚያ አያሠራም።

ሁለተኛው ነገር የስም መደናገር ነው። በአውሮፓ አየር ማረፊያዎች ዲስፓቸር የሚለው ስም ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ለሌላ ሠራተኛ ነው። እሱ አንጸባራቂ ሰደርያ ለብሶ፣ አውሮፕላኑ ሥር ቆሞ፣ ነዳጅ መሞላቱን፣ ሻንጣ መጫኑን፣ ተሳፋሪ መግባቱን የሚያስተባብር ነው። ጥሩ ሥራ ነው፤ ግን እኛ የምንለው አይደለም። ማስታወቂያ ስታነቡ የሥራውን ዝርዝር እዩ። የበረራ ዕቅድ፣ ነዳጅ፣ መንገድ፣ አየር ጠባይ የሚል ካለበት እሱ ነው። ፍላይት ኦፕሬሽንስ ኦፊሰር፣ ፍላይት ፕላነር፣ ኦፕሬሽንስ ኮንትሮለር በሚሉ ስሞችም ይወጣል። በጀርመን ቋንቋ ፍሉግዲንስትቤራተር ይሉታል። አንድ ሰው «ዲስፓቸር» የሚለውን ብቻ ሲፈልግ ግማሹ ያመልጠዋል፤ ሌላው ግማሽ ሻንጣ ሥር ያቆመዋል።

ሻንጣ ሥር መቆሙ ግን አይናቅም። እንዲያውም በጣም የታወቀው መንገድ እሱ ነው። በአየር ማረፊያ የምድር አገልግሎት የሚሰጡ ድርጅቶች አሉ። ለእነሱ ሠራተኛ ማግኘት ከአየር መንገዶቹ ይልቅ ይቸግራል፤ ስለዚህ ጀማሪን ይቀበላሉ። እዚያ የገባ ሰው የአውሮፕላንን አሠራር ያያል። ከዚያ ወደ ክብደትና ሚዛን ክፍል፣ ማለትም ጭነቱ ከፊትና ከኋላ እንዴት እንደሚደለደል ወደሚሰላበት፣ ይሸጋገራል። ሌላው መንገድ የአብራሪዎችንና የአስተናጋጆችን ተራ የሚያወጣው ክፍል ነው። ከእነዚህ ሁለቱ ክፍሎች አንዱ ውስጥ ሁለት ዓመት የሠራ ሰው ወደ ስምሪት ክፍል ሲያመለክት እንደ እንግዳ አይታይም። ብዙ ጊዜም ክፍት ቦታው ወደ ውጭ ሳይወጣ በውስጥ ማስታወቂያ ይሞላል።

ማዕከሎቹ የት ናቸው? ሁሉም በትልቁ ከተማ አይደለም። የራየንኤር በደብሊን፣ የዊዝ ኤር በቡዳፔስት፣ የሉፍታንዛ በፍራንክፈርት፣ የጭነት አየር መንገድ የሆነው ካርጎሉክስ በሉክሰምበርግ ነው። ለግል ባለሀብቶች በሚበሩ ትናንሽ ጄቶች የሚሠሩ ድርጅቶችም አሉ፤ ማልታን የመሰለች ትንሽ ደሴት እንኳ የዚህ ሥራ መናኸሪያ ሆናለች። በእነዚህ ዘንድ ሥራው ይበልጥ ይጣደፋል። ሰውየው ምሳውን በጄኔቫ በልቶ «አሁን ወደ አክራ» ሊል ይችላልና፣ የሚታለፉትን አገሮች የመብረር ፈቃድ ሁሉ በጥቂት ሰዓት ውስጥ መጠየቅ ያስፈልጋል። የአፍሪካን አገሮች አሠራር የሚያውቅ፣ ፈረንሳይኛ ወይም ዐረብኛ የሚናገር ሰው እዚህ ቦታ ይፈለጋል። ይህን ብዙ ሰው ልብ አይለውም።

ወቅቱንም ማወቅ ይጠቅማል። የአየር መንገዶች የበጋ ፕሮግራም የሚጀምረው በመጋቢት የመጨረሻው እሑድ ነው፤ በጥቅምት ከመጨረሻው እሑድ በፊት ባለው ቅዳሜ ያበቃል። ይህን የምንለው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው። በረራ የሚበዛው በበጋው ስለሆነ፣ አዲስ ሰው አስገብቶ ለማሠልጠን የሚመቸው ከዚያ በፊት ያለው ክረምት ነው።

ሦስተኛውን ነገር በተለይ በስደት ለመጡ ወገኖቻችን እንናገራለን። በአየር ማረፊያ ወይም በበረራ ቁጥጥር ውስጥ ለመሥራት የጀርባ ታሪክ ማጣራት አለ። ቢያንስ ያለፉት አምስት ዓመታት ይታያሉ። የት ሠራህ? የት ተማርክ? ያልሠራህበትና ያልተማርክበት ጊዜ የት ነበርክ? በየኖርክበት አገር የወንጀል መዝገብ አለብህ ወይ? ወረቀት የሚባል ነገር ላላየው የሱዳንና የሊቢያ መንገድ ይህ ከባድ ጥያቄ ነው። አንዳንዱ ሰው ተስፋ ቆርጦ አያመለክትም። አንዳንዱ ደግሞ ክፍተቱን በሐሰት ይሞላል፤ ይህኛው ይብሳል፤ አንድ ጊዜ ውሸት ከተገኘበት በዚህ ሙያ መንደር ውስጥ ተመልሶ መግባት ይከብደዋል። የሚሻለው ከመጡበት ቀን ጀምሮ ወረቀት መያዝ ነው። የቋንቋ ትምህርት ቤት የምስክር ወረቀት፣ የመጀመሪያው የጽዳት ሥራ ውል፣ የመጠለያው ደብዳቤ፣ የደመወዝ ደረሰኝ፤ ሁሉም በአንድ ማኅደር ይቀመጥ። አምስት ዓመት ሲሞላ የኋላው ታሪክ ከአምስት ዓመት መስመር ያልፋል፤ የሚጠየቀው በማኅደሩ ውስጥ ያለው ይሆናል።

ገንዘብ የሚጠይቁ ሰዎችም አሉ። በታወቀ አየር መንገድ ስም ደብዳቤ ይጽፋሉ። «ተቀጥረሃል፤ ለቪዛ ማስፈጸሚያ ይህን ያህል ላክ» ይላሉ። ማኅተሙ ያምራል። በእርግጠኛነት የሚቀጥር አየር መንገድ ሳይፈትን፣ ሳያነጋግር፣ ለስምሪት ሠራተኛ የቅጥር ደብዳቤ አይልክም፤ ከተቀጣሪውም ገንዘብ በሞባይል አይቀበልም።

ፈተናው ምን ይመስላል? ሜታር ይሰጥሃል፤ አንብበህ ማረፍ ይቻላል ወይስ አይቻልም ትላለህ። የነዳጅ ሂሳብ ይሰጥሃል፤ ቅድም እኛ እንዳደረግነው ትደምራለህ። ካርታ ላይ መንገድ ትፈልጋለህ። ቋንቋው እንግሊዝኛ ነው፤ በስልክ፣ በጥድፊያ፣ ከተለያየ አገር ሰው ጋር የሚነገር እንግሊዝኛ። የሚከብደው ግን ከዚህ በኋላ ያለው ነው። «ሦስት አውሮፕላን አለህ፤ አንዱ ተበላሸ። አንዱ በረራ 180 መንገደኛ አለው፤ ሌላው 60 ሰው ብቻ አለው፣ ነገር ግን ከስልሳው ዐርባዎቹ ሌላ በረራ የሚይዙ ናቸው። የትኛውን ትሰርዛለህ?» ይሉሃል። ትክክል የሆነ አንድ መልስ የለም። የሚፈልጉት እንዴት እንደምታስብ ነው። ከመሰረዝህ በፊት «አብራሪዎቹ ስንት ሰዓት ቀርቷቸዋል? አውሮፕላኑ ማታ የት ማደር አለበት?» ብለህ የምትጠይቅ ከሆነ ጠያቂዎቹ እርስ በርሳቸው ይተያያሉ። ከጠየቅኸው ጥያቄ ይልቅ ጠያቂነትህ ነው የሚመዘነው።

ሥራው ከተገኘም በኋላ እንደ ቢሮ ሥራ አይደለም። በብዙ ቦታ ተራው 12 ሰዓት ነው፤ አንዴ ቀን፣ አንዴ ሌሊት። ገናም ፋሲካም የለም፤ አውሮፕላን በዓል አያውቅምና። የእኛ ፋሲካማ ከእነሱ ጋር በየዓመቱ ስለማይገጥም ቀኑን ከባልደረባ ጋር መለዋወጥ ይቻላል። «አንተ በገናህ እረፍ፣ እኔ በገናዬ» ማለት ነው። ቤተሰብ ያለው ሰው ግን ይህን ከቤቱ ጋር አስቀድሞ ቢመካከርበት ይሻላል።

ያ የነገርናችሁ ልጅ ከስምንት ወር በኋላ ለእናቱ እውነቱን ነገራቸው። ዝም ብለው ቆዩና «ታዲያ እዚያው ባለህበት አገር ይህ ሥራ የለም?» አሉት። እሱ አውሮፓን ብቻ ሲያይ ይህን አላሰበውም ነበር። ሻንጣ ይጭንበት የነበረው አየር ማረፊያ ላይ የሚሠሩ አየር መንገዶች የስምሪት ክፍል አላቸው። መኖሪያ ፈቃዱም እዚያ ነው። አመለከተ። በመጀመሪያ በክብደትና ሚዛን ክፍል ተቀጠረ፤ ከዓመት ከመንፈቅ በኋላ ወደ ስምሪት ወንበር አለፈ። አሁን ሌሊት ተራ ሲሆን ከአዲስ አበባ ለሚነሣው በረራ ነዳጅ የሚያሰላው አንዳንዴ እሱ ነው። የቦሌን ከፍታ ከሁሉም በፊት እንደሚያየው ነግሮናል። እናቱ የእቁቡን ገንዘብ ከፍለው የጨረሱት ባለፈው ዓመት ነው።